በጆሮ የፈረድሁትን በዐይኔ ስለ መሻር፦ ጃኖ ባንድን በመድረክ ላይ ያየሁበት ምሽት

(ይህ ጽሑፍ በፋኩልቲያችን የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር በጅማ የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች በጥቂት ቦታዎች ከመታረሙ በቀር እንደ ተነገረው ቀርቧል።)



የዛሬው ገለጻዬ የሚጀምረው ከአንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱም የራሴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ኪነ ጥበብና ማኅበረሰብን በሚመለከት በማስተምረው ኮርስ አንዲት ተማሪ ስለ ጃኖ ባንድ የሴሚስተር ጽሑፍ አቀረበች። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተሠራ ነበር። የተማሪዋ መከራከሪያ ባጭሩ ይህ ነበር፦ ጃኖ ባንድ ሮክን ወደ አማርኛ አልተረጎመም፤ በሮክ መሣሪያዎች ኢትዮጵያዊ ሙዚቃ እየሠራ ነው። እኔም በቀይ እስክሪብቶ በኅዳጉ ላይ «ሮክ ለእኛ የተውሶ ካፖርት ነው፤ ጃኖ ብሎ መሰየም ካፖርቱን ጋቢ አያደርገውም» ብዬ ጻፍሁበት። ይህን ስጽፍ ብልኅ ነገር የተናገርሁ መስሎኝ ነበር። ውጤቷንም ዝቅ አደረግሁት።

ተማሪዋ ከክፍል ስወጣ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። በትሕትና «መምህር፣ በመድረክ ላይ አይተዋቸው ያውቃሉ?» ስትል ጠየቀችኝ። «አልበማቸውን ሰምቻለሁ» አልኋት። «እንግዲያው የሰሙት ግማሹን ነው» አለችኝና አመስግና ሄደች። በጊዜው መልሷ ቅር አሰኝቶኝ ነበር። ዛሬ ግን ያ አንድ ዓረፍተ ነገር እኔ በኅዳጉ ላይ ከጻፍሁት ሁሉ የበለጠ ምሁራዊ ክብደት እንደ ነበረው ልመሰክር ቆሜያለሁ።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው፦ በሰው ፊት እንዲሠራ የተፈጠረን ጥበብ፣ በሠሪዎቹ ፊት ሳይገኙ መፍረድ ይቻላልን? ጥያቄው የሙዚቃ ብቻ አይደለም። ቴአትርን በጽሑፉ ብቻ፣ ሥርዓተ አምልኮን በመጽሐፍ ብቻ፣ የገበያ ወግን በመጠይቅ ብቻ ለምናጠና ሁሉ የሚደርስ ነው። ይሁን እንጂ እኔ የተማርሁት ከአንድ የሮክ ባንድ ስለ ሆነ ምሳሌዬን እዚያው ላይ አደርጋለሁ።

ስለ ባንዱ

ለማያውቁት እንግዶቻችን ጥቂት ልበል። ጃኖ በአዲስ አበባ የተቋቋመ የሮክ ባንድ ነው። «ኤርታሌ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ በሥራው ላይ አሜሪካዊው የቤዝ ጊታር ተጫዋችና ፕሮዲውሰር ቢል ላዝዌል ተሳትፏል። በዚያ ዘመን ከባንዱ ፊት የሚቆሙት ድምፃውያን አራት ነበሩ፤ ሁለት ሴቶችና ሁለት ወንዶች፦ ሄዋን ገብረወልድ፣ ሃሌሉያ ተክለጻድቅ፣ ዲበኩሉ ታፈሰና ኃይሉ አመርጋ። ከኋላቸው ጊታሮች፣ ቤዝ ጊታር፣ ኪቦርድና ድራም አሉ። ሁለቱ ስሞች ራሳቸው የሚናገሩት ነገር አለ። ጃኖ ሰፊ ቀይ ጥለት ያለው፣ በቀድሞው ዘመን የባለ ማዕረግ መለያ የነበረ የጥጥ ልብስ ነው፤ ኤርታሌ ደግሞ በአፋር ምድር የሚንተከተከው እሳተ ገሞራ። ልብሱ የክብር፣ እሳቱ ከመሬት ሥር የሚወጣ ነው። እኔ ይህን ሁሉ የስም ማሳመሪያ ብቻ አድርጌ አይቼው ነበር።

ለምን በጆሮ ብቻ መፍረድ ቀለለኝ?

ራሴን ለመከላከል ሳይሆን ምክንያቱን ለመረዳት ያህል ወደ ኋላ ልመለስ። የእኔ ትውልድ ሙዚቃን የተማረው ከካሴት ነው። ያደግሁት በዚሁ በቡናው አገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ቡናው ተለቅሞ ገንዘብ በሰው እጅ ሲገባ፣ ሻይ ቤቶቹና ሱቆቹ አዲስ ካሴት ያስመጡ ነበር። አንድ ካሴት እስኪንተፋተፍ ድረስ አንድ ወቅት ሙሉ ይጫወታል። የሮሃ ባንድን ስም ያወቅሁት ከካሴት ሽፋን ላይ ነው፤ የሰላም ሥዩምን ጊታር በልቤ አውቀው ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው ጊታር ታቅፎ ሲጫወት በዐይኔ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ አልነበረም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የታወጀው የሰዓት እላፊ የሌሊቱን ሙዚቃ ለዓመታት ዘጋው። በአዲስ አበባ ትልልቅ ሆቴሎች ባንዶች መጫወታቸውን ባያቋርጡም፣ ማታ የገባ እንግዳ እስኪነጋ እዚያው መቆየት ነበረበት። ለአብዛኛው ሕዝብ ይህ የማይታሰብ ነገር ነበር። መድረክ ጨርሶ አልነበረም ማለቴ አይደለም፤ በየቦታው የኪነት ቡድኖች ነበሩ። ነገር ግን ያ መድረክ የበዓልና የሰልፍ መድረክ ነበር፤ ሰው ወዶ፣ መርጦ፣ ከኪሱ ከፍሎ የሚሄድበት አልነበረም። ከዚያም በ1980ዎቹ ኪቦርድና ድራም ማሽን ገብተው፣ አምስትና ስድስት ሰዎች ተሰብስበው ይሠሩት የነበረውን አንድ ሰው ብቻውን ይሠራው ጀመር። እንዲህ እያለ «ሙዚቃ» ስንል «ቅጂ» ማለታችን ሆነ። ዘፈኑን ከዘፋኙ፣ ድምፁን ከእጁ ለይተን መስማት ለመድን። እኔም ያችን ተማሪ በዚህ ልማድ ፈረድሁባት።

ምሽቱ

ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄድሁ። የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ማታ እንዳትቀጥር፤ ቲኬት ቆርጬልሃለሁ» አለችኝ። የምን ቲኬት እንደ ሆነ የነገረችኝ በሩ ላይ ስንደርስ ነው። በርካታ ባንዶች ተራ በተራ የሚወጡበት፣ በሜዳ ላይ የተዘጋጀ የሙዚቃ ድግስ ነበር፤ ከሚወጡት አንዱ ጃኖ ነው። እኔ በቀጥታ ከስብሰባ ስለ መጣሁ ኮትና ክራቫት አድርጌ ነበር። በዚያ ሜዳ ላይ ክራቫት ያደረግሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የቆምነው ከትልቁ ስፒከር ፊት ለፊት ነው። ከጎኔ የቆመ አንድ ወጣት አየኝና «ፋዘር፣ መጥፎ ቦታ ነው የቆሙት፤ ይቺን ጆሮዎ ውስጥ ያድርጓት» ብሎ ከሶፍት ቁራጭ ቀድዶ ሰጠኝ። በዚያ ምሽት ከተደረገልኝ ነገር ሁሉ ይህን አልረሳውም። እርሱ እንደ ባይተዋር ሳይሆን እንደ እንግዳ ነው የተቀበለኝ።

ባንዱ ሲወጣ መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አልነበረም። የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ደረቴን መታኝ። በቤቴ ትንሽ ስፒከር ያዳመጥሁት አልበም ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ከትንሽ ስፒከር አይወጣም፤ ያልወጣው ድምፅ ደግሞ ሙዚቃው የቆመበት መሠረት ነው። እንግዲህ የፈረድሁት መሠረቱ የሌለውን ቤት አይቼ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ያየሁት ነገር ዐይን ነው። ድራም መቺው አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ያየዋል፤ ለውጡ እኩል ይመጣል። ጊታር ተጫዋቹ ሕዝቡን ትቶ ግማሽ ፊቱን ወደ ድራሙ ያዞራል። ድምፃውያኑ ቃሉን እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል። በአልበሙ ላይ አንድ ወጥ የጩኸት ግድግዳ መስሎኝ የነበረው ነገር በመድረኩ ላይ ሰው ሰው ሆነ። ማን ምን እንደሚያደርግ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ ታየ። ጩኸት ያልሁት ነገር እርስ በርስ መደማመጥ ሆኖ አገኘሁት።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ለክርክሩም ወሳኝ የሆነው፣ የሕዝቡ ጭብጨባ ነው። ድራሙ እንደ ማንኛውም ሮክ አራት አራት እየቆጠረ ሲሄድ፣ በአንድ ዘፈን መካከል በዙሪያዬ ያለው ወጣት ምቱን በሦስት በሦስት እየከፈለ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኛ በሠርግ ቤት ጭቅጭቃ የምንለውን ምት። ማንም አላዘዛቸውም። እልልታው ከጊታሩ በላይ ወጣ። ባንዱም ያንን ሰምቶ ወደ ምቱ ገባ። በዚያች ቅጽበት ተማሪዬ የጻፈችው ነገር ፊቴ ላይ እየተፈጸመ ነበር፤ ያንን ማስረጃ ደግሞ ማንም በአልበሙ ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም፤ ምክንያቱም ከባንዱ ሌላ ግማሹን የሠራው ሕዝቡ ነው። «የሰሙት ግማሹን ነው» ማለቷ ይህ ነበር።

እኛ የቡና አገር ሰዎች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ ታሽጎ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ቡና ቡና ነው፤ ማንም አይክደውም። ነገር ግን እንግዳው ተቀምጦ ሲቆላ፣ ጭሱን ወደ ራሱ ሲስብ፣ አቦሉ ወጥቶ ቶናው ሲጠበቅ ያለው ነገር በማሸጊያው ውስጥ አይገባም። በመካከሉ ጎረቤት ተጠርቷል፤ ወሬ ተወርቷል፤ የተጣላ ታርቋል። የታሸገውን ብቻ ቀምሶ ስለ ቡና ሥርዓታችን ብይን የሚሰጥ እንግዳ ቢመጣ ምን እንለዋለን? እኔ ያ እንግዳ ነበርሁ።

«ተውሶ» ስላልሁት ነገር

ስሜት ተለወጠ ማለት ክርክር ተረታ ማለት አይደለም። ስለዚህ ወደ ጅማ ከተመለስሁ በኋላ በቀይ እስክሪብቶ የጻፍሁትን ዓረፍተ ነገር እንደ ማንኛውም መላ ምት መረመርሁት። ሮክ ለእኛ የተውሶ ካፖርት ነው ብያለሁ። እንግዲያው ካፖርት ያልሆነብን ሙዚቃ የትኛው ነው?

ዘመናዊ የምንለው ሙዚቃችን ከተውሶ የተነሣ ነው። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ወጣቶች የነሐስ መሣሪያ ይዘው መጡ፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ ጅምር በኋላ ባሉት ዓመታት የክቡር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ባንዶች አደጉ። ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣው ዓለማየሁ እሸቴ የኤልቪስ ፕሪስሊንና የጄምስ ብራውንን አኳኋን ወደ መድረክ ሲያመጣ ያኔም ተውሶ ነው ያሉ ነበሩ። ዛሬ ግን ሳክስፎንና ትራምፔት ያለበትን የ1960ዎቹን ዘፈን «የጥንቱ የእኛ ሙዚቃ» ብለን እንናፍቀዋለን። ካፖርቱ በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ ጋቢ ሆኗል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን የዚህችው ከተማ ልጅ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው በጅማ ነው። ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር፤ እርሱ ግን ወደ ሙዚቃ አዘነበለ፤ በለንደን፣ ኋላም በቦስቱኑ በርክሊ ተማረ። የጃዝን አሥራ ሁለት ድምፆች ከእኛ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝቶች ጋር ያጋባበትን ስልት ዛሬ ዓለም ኢትዮ ጃዝ ብሎ ይጠራዋል። ቪብራፎንን ከአባቶቻችን አልወረሰውም። ይሁንና ያንን መሣሪያ ሲመታ የምንሰማው ራሳችንን ነው። በሙላቱ የምንኮራ ጅማዎች በጃኖ ላይ «መሣሪያው የእኛ አይደለም» ብለን ልንከስ አንችልም።

ወደ ድምፁ ጠባይም እንግባ። ተቃውሞዬ ከሁሉ በላይ የነበረው በሮክ ጊታር ሸካራ ድምፅ፣ ማለትም በዲስቶርሽን ላይ ነበር። ዲስቶርሽን ማለት ማጉያው ከአቅሙ በላይ ተጭኖ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ሲቆረጥ፣ ከመነሻው ድምፅ ጋር ሌሎች ተጓዳኝ ድምፆች ሲወለዱ ማለት ነው። አሁን ዐሥር አውታር ያለውን በገናችንን አስቡ። በአውታሩና በብርኩማው መካከል እንዝራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች ይገባሉ። ቆዳው ሲወጣ አውታሩ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ሲገባ ግን ይነዝራል፤ ያ ሁላችን የበገና ብለን የምናውቀው፣ አጥንት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ይወጣል። አባቶቻችን ጥርት ያለውን ድምፅ ማውጣት ሳይችሉ ቀርተው አይደለም፤ ሆን ብለው አሻከሩት። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ከሮክ ጊታር ጋር በዓላማ አላመሳስለውም። ነገር ግን ሸካራ ድምፅ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ባዕድ ነው የሚለው የእኔ አስተያየት በገና ፊት አይቆምም።

ስለ ቅኝትም እንዲሁ። የሮክ ጊታር ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ ሁለት ድምፅ ብቻ አብረው ይመታሉ፤ መነሻውንና አምስተኛውን። ሜጀርን ከማይነር የሚለየው ሦስተኛው ድምፅ ይቀራል። የእኛ አምባሰልም ከመነሻው ሦስተኛ ድምፅ የለውም። እንግዲህ በፒያኖ ሙሉ አኮርድ ስናጅበው የሚጎረብጠው ቅኝት በሮክ ጊታር ባዶ አምስተኛ ላይ ሳይጎረብጥ ሊቀመጥ ይችላል። በብሉዝና በሮክ ጊታር ዘንድ የተለመደው ባለ አምስት ድምፅ ማይነር ስኬልም ከባቲ ቅኝት አንዱ መልክ ጋር በድምፆቹ አንድ ነው። ይህ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ ተቀዱ ማለት አይደለም። በሩ ግን እኔ እንዳሰብሁት የተዘጋ አልነበረም ማለት ነው።

ያልሻርሁት

ከአንድ ጽንፍ ወደ ሌላው መገልበጥም ምርምር አይደለም። ከዚያ ምሽት በኋላም የያዝኋቸው ትችቶች አሉ። የመጀመሪያው ቃሉ ነው። በአማርኛ ዘፈን ግጥም እንግዳ ሳይሆን ባለቤት ነው፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለመፈለግ ጊዜና ጸጥታ ያስፈልጋል። በዚያ ምሽት ግጥሙን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ከቃላቱ ብዙውን እንዳልያዘ እኔ ምስክር ነኝ። ሁለተኛው ምቱ ነው። ሕዝቡ በጭብጨባው ያስገባው የሦስት ክፍፍል በባንዱ በኩል ሁልጊዜ ቦታ አያገኝም፤ አራት አራቱ ብዙ ጊዜ ይውጠዋል። ሦስተኛው የድምፁ መጠን ነው። ያ ወጣት ያቀበለኝ ሶፍት ቀልድ አልነበረም፤ ከስፒከር ፊት ለሰዓታት መቆም ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ ይህን አዘጋጆች ሁሉ በቁም ነገር ሊይዙት ይገባል። እነዚህን ትችቶች ዛሬ የምሰነዝረው ግን ቆሜ ካዳመጥሁ በኋላ ነው። ድሮ የሰነዘርሁት ትችት እኔ ያልነበርሁበትን ነገር ነበር።

ጅማስ?

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝን አሁን ልናገር። ያንን ምሽት ያገኘሁት ስብሰባ አዲስ አበባ ስለ ወሰደኝና የእህቴ ልጅ እዚያ ስለምትኖር ነው። ከሰቶ ሰመሮ አንድ ተማሪ ተነሥቶ ያንኑ ለማየት 350 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ፣ ማደሪያ መፈለግ፣ ቲኬት መቁረጥና መመለስ አለበት። ይህ ለብዙዎቻችሁ የአንድ ወር ቀለብ ነው። እንግዲህ «በዐይናችሁ ሳታዩ አትፍረዱ» ብዬ ስመክራችሁ፣ ማየት የማትችሉትን እንድታዩ እያዘዝሁ ነው። ምክሬ ቅን የሚሆነው መንገዱን ለማሳጠር አንድ ነገር ስናደርግ ነው።

ጅማ መድረክ የማታውቅ ከተማ አይደለችም። በከተማችንና በዙሪያዋ በአፋን ኦሮሞ የሚዜመው መንዙማ መሪው ሲያዜም ተቀባዩ የሚመልስበት፣ ድቤው የሁሉንም ትንፋሽ አንድ የሚያደርግበት ጥበብ ነው። ገራርሳ የሚያንጎራጉር ሽማግሌ አድማጭ ከሌለው አይሞቅም። በሠርጋችን ላይ ማንም ተመልካች ብቻ ሆኖ አይቀመጥም። እነዚህ ሁሉ ያ የሜዳው ሕዝብ ያደረገውን ቀድሞውኑ ያውቁታል። የጎደለን ልማዱ አይደለም፤ ወጣቱ በዘመኑ መሣሪያ የሚሠራውን ይዞ የሚወጣበት፣ ሽማግሌውም የሚሠራውን ይዞ የሚመጣበት፣ ሁለቱ በአንድ ምሽት የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን ሦስት ነገሮች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ በመድረክ ስለሚቀርብ ጥበብ የሚጻፍ ማንኛውም የምርምር ሥራ፣ ጸሐፊውም ገምጋሚውም ቢያንስ አንድ ጊዜ በቦታው ተገኝተው ያዩትን የሚመዘግብ ክፍል ይኑረው። ገምጋሚውም ስል ራሴን አስቀድሜ ነው። ሁለተኛ፣ በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ምሽት ይህ አዳራሽ ለሙዚቃ ይከፈት፤ የተጋበዘ ባንድ ቢገኝ መልካም፤ ባይገኝም የግቢያችን ልጆች፣ የመንዙማ ባለሙያዎቻችንና የአዝማሪዎቻችን እንግድነት ይበቃናል። ሦስተኛ፣ እነዚያ ምሽቶች ይቀረጹ፤ ነገር ግን ከቅጂው ጋር ማን እንደ ነበረ፣ ሕዝቡ የት እንዳጨበጨበ፣ ምን እንደ ተባለ የሚገልጽ ማስታወሻ አብሮ ይቀመጥ። የካሴት ትውልድ ለልጆቹ ድምፅ ብቻ አወረሰ፤ እናንተ ሁኔታውንም አውርሱ።

በመጨረሻ ወደዚያች ተማሪ ልመለስ። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅዳልኛለች። ከአዲስ አበባ እንደ ተመለስሁ ውጤቷን ለማስተካከል ጠየቅሁ፤ ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ስለ ነበር አልተቻለም። በወረቀቱ ላይ ያለው ውጤት ዛሬም እኔ በስሕተት የሰጠሁት ነው። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ደብዳቤ መጻፍ ነው። ጽሑፏን እንደ ገና እንዳነበብሁት፣ ስሕተቱ የእርሷ ሳይሆን የእኔ እንደ ነበር፣ በኅዳጉ ላይ የጻፍሁትንም እንደ ሻርሁት ገለጽሁላት።

መልሷ አጭር ነበር። አሁን በአንዲት የቡና ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ዐርብ ዐርብ ከትምህርት በኋላ የሚሰበሰቡ ዘጠኝ ተማሪዎች አሏት፤ ያላቸው መሣሪያ አንድ ጊታር፣ ሁለት ክራርና ከመስጊዱ ጎረቤት የተዋሱት ድቤ ነው። ይቅርታዬን እንደ ተቀበለች ጽፋ፣ ቀጥላ እንዲህ አለች፦ «መምህር፣ ከይቅርታው ይልቅ አዳራሹን ቢያስከፍቱልን ደስ ይለኛል። ልጆቹ ከክፍላቸው ውጭ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም።»

ዲኑና የሥራ ባልደረቦቼ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ናችሁ። ጥያቄዋን እርሷ እንዳቀረበችው ለእናንተ አስተላልፌያለሁ። አዳራሹ ሲከፈት ከፊት ረድፍ እቀመጣለሁ፤ ሶፍትም ይዤ እመጣለሁ።